የዘጠኝ ሰዓት በረራ

መሳቢያው ተሰብሯል። የቤቱ ካርታ የለም። የውጭው በር ግን ደህና ነው፤ የገባው ሰው ቁልፍ ነበረው።

ቁልፍ ያላቸው ደግሞ ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። አንዷ፣ አልጋ የያዙትን እናት ዘጠኝ ዓመት ያስታመመችው ሴት። ሌላው፣ ባሕር ማዶ የሚኖረው አንድ ልጃቸው፤ እሱም በዚያው ቀን በስድስት ሰዓት ሻንጣውን እየጎተተ ደረሰ።

አስታማሚዋ ከአራት ተኩል እስከ አምስት መድኃኒት ልትገዛ ወጥታ ነበር። ስመለስ መሳቢያው ተሰብሮ አገኘሁት ብትልም፣ ፋርማሲው ዝግ ስለነበር ምስክር የላትም። ታሰረች። ነገ ጠዋት ፍርድ ቤት ትቀርባለች።

«በአራት ተኩል የት ነበሩ?» ሲል ኢንስፔክተሩ እዚያው ሳሎን ውስጥ ልጅየውን ጠየቀው።

«ሰማይ ላይ!» ትኬቱን አውለበለበ። «ሰባት ሺህ ኪሎ ሜትር፣ ዘጠኝ ሰዓት በረራ! አውሮፕላኑ የሚያርፈው አምስት ሰዓት ነው። ክንፍ አውጥቼ ልቅደመው?»

ኢንስፔክተሩ ትኬት ቢሮ ደወለ። «ዘጠኝ ሰዓት ነው» አሉት። ፖሊስ ጣቢያ ደወለ፤ ጸሐፊዋ ኢንተርኔት ከፍታ «ስምንት ሰዓት ከሃያ» አለች። እናትየውን ልትጠብቅ የመጣችው ጎረቤት ሳትጠየቅ ገባችበት፦ «ኧረ እኔ ስሄድ ቀኑን ሙሉ ፈጅቶብኛል!»

«ኤጭ! አንድ ጥያቄ፣ ሦስት መልስ!» አለ ኢንስፔክተሩ።

ወደ እናትየው ክፍል ሲያመራ ጎረቤትየዋ በሩ ላይ ተገተረች።

«ምን ሊሏቸው ነው? ለታመመ ሰው ክፉ ወሬ ይነገራል እንዴ? አስታማሚዋ ገበያ ሄዳለች ብለናቸዋል። ይኸው ከኔ እጅ አንድ ማንኪያ ሾርባ እንኳ አልቀምስም ብለዋል።»

እውነቷን ነው፤ ነውር ነው። ተመለሰ። ተመልሶም ሶፋው ላይ ተቀምጦ ትኬቱ ላይ አፈጠጠ። ወይ ጣጣ! አስታማሚዋ ቢፈረድባት እኚህ ሴትዮ በማን እጅ ይጎርሳሉ?

ድንገት ብድግ ብሎ አየር ማረፊያው ደወለ።

«ስንት ሰዓት ይፈጃል አላልኩም! እባክህን አድምጠኝ። የዛሬው፣ የዛሬው አውሮፕላን መቼ አረፈ?»

«የዛሬውማ ለአራት ሩብ ጉዳይ ላይ። ብርቱ ነፋስ ከኋላ ሲገፋው ነበር።»

ከአየር ማረፊያው እዚህ ግማሽ ሰዓት ነው።

ልጅየው ፊቱ አመድ መሰለ። ሻንጣው ሲከፈት ካርታው በሸሚዞቹ መሃል ተገኘ።

«እናቴ የአባቴን ቤት ለባዳ ልታወርስብኝ!» ብሎ ጮኸ። «አስታመመችኝ ብላ! ደብዳቤ ጽፋ ነገረችኝ እኮ! ዝም ብዬ ልይ?»

ወደ ማታ አስታማሚዋ ተፈታ መጣች። እናትየው ቀና አሉ።

«ምነው ገበያው ረዘመብሽ?»

አስታማሚዋ አቀርቅራ ሾርባውን ማማሰል ጀመረች። እናትየው ወደ ኢንስፔክተሩ ዞሩ።

«ልጄስ የት ሄደ? ጠዋት ገብቶ ነበር። ሲስል ድምፁን ለይቼ ተጣራሁ፤ ዝም ብሎኝ ወጣ።»

ኢንስፔክተሩ ራሱን ያዘ።

«ሰምተው ነበር? እና ምነው ዝም አሉ፣ እማማ?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ሲጮህ እኚህ ሴትዮ ከግድግዳው ወዲያ ነበሩ።

እናትየው ከአስታማሚዋ እጅ አንድ ማንኪያ ተቀብለው ቀስ ብለው ዋጡ።

«ያን ሁሉ አገር አቋርጦ መጥቶ» አሉ፣ «እኔ አልጋ ድረስ አምስት እርምጃ አቃተው?»