የነሐሴው ፈተና

«አባዬ ወጣ እንዴ?» አለ ሉሲየን።

ኦዴት ማንኪያዋን ሳህኑ ላይ አሳረፈች። «ወጥቷል አልኩህ እኮ። ሸንኮራ ሊጭን ገና ሳይነጋ ሄደ።»

«እሺ፣ እሺ። ምን ያስቆጣሻል?»

ቁርስ ከቀረበ ጀምሮ ይህን ሲጠይቃት ሦስተኛው ነው። ፊቱ ላይ የሹፈት ምልክት ፈለገች። አጣች። እንደ አዲስ ነበር የጠየቃት።

ወንድሟ ሃያ አንድ ዓመቱ ነው፤ ሲቆም በሩን ይሞላዋል። በከተማዋ ኮሌጅ የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን፣ በ«ሽመላዎቹ»፣ የመሐል ተጫዋች ነው። ሞላላዋን ኳስ መሬት ላይ ይዞ ያጎነብሳል፣ ከኋላው የቆመው ጓደኛው ቁጥር ይጠራል፣ በተባባሉበት ቁጥር ላይ ኳሷን በእግሮቹ መሃል ያቀብለዋል። አንድ ቁጥር ከቀደመ ወይም ከዘገየ የአሥራ አንድ ሰው ልፋት ገደል ገባ ማለት ነው። ሉሲየን በአራት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን አልተሳሳተም።

ማክሰኞ ግን ተሳሳተ። ኦዴት ከትምህርት ቤት ስትመለስ በልምምድ ሜዳው አጥር በኩል አየችው። ሦስት ጊዜ ቀደመ። ጓደኞቹ «ቡና ቀንስ» ብለው ሳቁበት። እሱም ሳቀ። እሷ አጥሩን ይዛ ቆማ ቀረች።

ምክንያቱን ታውቀዋለች። ባለፈው ቅዳሜ የአንዱ ባላጋራ ጉልበት ሄልሜቱን መታው። ወዲያው ስለተነሳ ሕዝቡ አጨበጨበለት። ማታ መኪና ውስጥ ግን ቀስ ብሎ፣ አባታቸው እንዳይሰማ፣ «ማን አሸነፈ?» ሲል ጠየቃት።

ያሸነፉት እነሱ ነበሩ። በመስከረም የመጀመሪያውን ጨዋታ ሲሸነፉ ከተማው «እግር እንደ ሽመላ፣ ሩጫ እንደ ዳክዬ» እያለ ሲዘብትባቸው ከርሞ፣ ከዚያ ወዲህ ስምንቱን በተከታታይ አሸንፈዋል። ነገ ከደገሙት፣ ከሠላሳ አንድ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ጥሎ ማለፉ ይገባሉ። አጨዳው ጦፎ፣ መንገዱ ሁሉ ከሸንኮራ መኪና በሚረግፍ ጭቃ ተለውሶ ሳለ እንኳ፣ የስኳር ፋብሪካው ሠራተኞች ነገን ለማየት ፈረቃ ተለዋውጠዋል። አባታቸውም ተለዋውጧል።

«ሰኞ ፈተናውን አልፌያለሁ እኮ» አለ ሉሲየን፣ በልቧ የምታስበውን የሰማ ይመስል። «ወጌሻዋ ሚስ ኮሪን ‹እንዲያውም ከነሐሴው ትሻላለህ› ብለውኛል።»

ሳቀ። ሲስቅ የመስኮቱ ብርሃን ወግቶት አንድ ዓይኑን ጨፈነ።

ጭንቀቷ ሁሉ ያለው እዚያች ነሐሴ ላይ ነው። ውድድሩ ሳይጀመር እያንዳንዱ ተጫዋች ኮምፒውተር ፊት ይቀመጣል። ቃላት ይመጣሉ፣ ይጠፋሉ፤ ቆይቶ የትኞቹን እንዳየ ይጠየቃል። ውጤቱ ይቀመጥና፣ በኋላ ጭንቅላቱን የተመታ ሰው እንደገና ይፈተናል። ከነሐሴው ካላነሰ ይጫወታል። ነባሮቹ ታዲያ ለአዲሶቹ የሚያወርሱት ምክር አለ፦ «በነሐሴ ጅል የሆነ፣ በኅዳር ይጫወታል።»

ሆን ብሎ መሳሳቱን ያስለማመደችው ኦዴት ራሷ ናት። ከትምህርት ቤት ደብተሯ ቃላት እያነበበች ትጠይቀው ነበር። «ድልድይ» ስትለው «በርሜል» እያለ፣ እሷ በሳቅ እንባዋ እየፈሰሰ፣ «ኧረ ይሄ በዛ፤ ይነቃብሃል። ትንሽ ብቻ ተሳሳት» ትለው ነበር። ጎበዝ አስተማሪ ነበረች።

«ሉሲ» አለችው አሁን፣ «ነሐሴ ላይ እኮ ሆን ብለህ ነው የወደቅከው።»

«ባክሽ አታካብጂ። ሁሉም ነው የሚያደርገው።»

«ሁሉም ግን ‹አባዬ ወጣ እንዴ› እያለ አይደጋግምም።»

ዳቦውን ቆረሰና ሳይበላው መልሶ አስቀመጠው። «አንድ ጨዋታ ነው አቦ። ነገን ልጫወትና አርፋለሁ።»

«ካሸነፋችሁስ?»

ካሸነፉ ሌላ ቅዳሜ አለ፤ ከዚያም ሌላ። ሁለቱም ያውቁታል።

«ስሚ» አለ ተነስቶ ቦርሳውን እያነገተ። «ይቺ ነገር ካፍሽ ብትወጣ ሁለተኛ አታናግሪኝ። ቀልዴን አይደለም።» በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ፤ ዞር ብሎ ወጥ ቤቱን ቃኘ። «አባዬ... ወጥቷል አይደል?»

«ወጥቷል» አለች ኦዴት።

ለአባታቸው ረቡዕ ዕለት ሞክራ ነበር። «ልጁን ወጌሻዋ ፈትነው አሳልፈውታል። አንቺ ከእሳቸው ልትበልጪ ነው?» አላት፣ ጫማውን እያወለቀ። ስለ ነሐሴ ግን አልነገረችውም። ሲስቁ አብራ ስቃለች፤ ምስጢሩ የእሷም ነው።

ትምህርት ቤት ሁሉም ሰማያዊ ለብሷል። ኮሪደሩ ላይ የሉሲየን ቁጥር፣ ሃምሳ ስምንት፣ ከሰው ቁመት በላይ ተስሎ ተሰቅሏል። «የሱ እህት መሆን ምን ይመስላል?» አለቻት የክፍሏ ልጅ። ኦዴት «ደስ ይላል» አለች፤ ምሳዋን ግን ሳትነካው መለሰች። በሒሳብ ክፍለ ጊዜ መምህሩ ሁለቴ ስሟን ጠሩ። ሁለተኛውን ብቻ ነው የሰማችው።

ደወሉ ሲደወል እግሮቿ ወደ ቤት አልወሰዷትም።

የወጌሻዋ ክፍል ከልምምድ ሜዳው ጎን ነው። ተጫዋቾቹ ቁርጭምጭሚታቸውን በፕላስተር ለማስጠቅለል እስከ ደጁ ተሰልፈዋል። ኦዴት መጨረሻ ላይ ቆመች። ከፊቷ ያለው ኦዲስ የሚባል ግዙፍ ልጅ ቁልቁል አያት።

«አንቺ ደግሞ በየት በኩል ልትገቢልን ነው?»

«ወረፋ ይዣለሁ።»

«ግድ የለም፣ አስገቧት» አለ ሌላው። «ከሽመላዎቹ ሁሉ ቀጥ ያለ እግር ያላት እሷ ናት።»

ሳቁ። ፈገግ ለማለት ሞከረች፤ ከንፈሯ እንቢ አላት። ሰልፉ አንድ ሰው ቀነሰ። ሌላ ቀነሰ። ተመልሳ ብትሄድ ማንም ምንም አይላትም ነበር።

በዚህ መሃል ሉሲየን ገባ። አያት። ፈገግታው ቀስ እያለ ጠፋ።

«ምን ትሠሪያለሽ እዚህ?»

ጠጋ ብሎ ሌሎቹ በማይሰሙት ድምፅ፣ «ኦዴት። ቤት ሂጂ» አላት።

«አልሄድም።»

«እየለመንኩሽ ነው።»

«ገብቶኛል» አለችው። «ግን አልሄድም። ከፈለግክ አንተ ቀድመኸኝ ንገራቸው።»

በአንድ እጁ አንስቶ ሊያስወጣት ይችል ነበር። ልጅ ሳለች በየቀኑ እንደ ከረጢት ትከሻው ላይ ጥሎ ይዞራት ነበር። አሁን ግን እጁ ከጎኑ አልተነሳም። ግድግዳውን ተደግፎ ወለሉን ያይ ጀመር። ፊቱ ላይ ያለው ቁጣ ይሁን ፍርሃት ልትለይ አልቻለችም።

«ቀጣይ» አሉ ሚስ ኮሪን።

ኦዲስ ተራውን ጨርሶ ወጣ፤ ከኦዴት በኋላ የመጡት ግን እዚያው ተሰልፈዋል። ኦዴት ከፍ ያለው አልጋ ላይ ወጥታ ተቀመጠች። እግሮቿ ወለሉን አይነኩም። ሚስ ኮሪን መቀሱን እንደያዙ ከመነጽራቸው በላይ አዩዋት።

«የሉሲየን እህት አይደለሽም? የትኛው እግርሽ ነው?»

«እግሬ ደህና ነው» አለች ኦዴት። «ሰዎቹ ወጣ ቢሉልኝ።» ሉሲየን ወደተደገፈው ግድግዳ ዞር አለች። «እሱ ግን ይቆይ።»