ኪራኮስ ለምን ጠለቀ?

ኪራኮስን ከደላዌር ጠረፍ ወጣ ብሎ ካለው ቀዝቃዛ ባሕር ወለል ያወጡት ጠላቂ ፖሊሶች ናቸው። ለመስጠም የሚታጠቀው ከባዱ የእርሳስ ቀበቶ ከወገቡ አልተፈታም። ትንፋሻቸውን ይዘው እየጠለቁ ዓሣ ሊወጉ አብረውት የሄዱት ሦስት ጓደኞቹ አንድ ቃል ሰጡ፦ እኛ ጀልባው ላይ ሻይ ስንጠጣ እሱ ብቻውን ተመልሶ ገባ። ፖሊስ አደጋ ነው ብሎ መዝገቡን ዘጋ። ጌይተርስበርግ ከሚኖሩት እናቱ ጆሮ የደረሰው ሐሜት ግን ራሱን አጠፋ የሚል ነበር።

እህቱ ንግስት እውነቱን እንድታጣራላት ከሲልቨር ስፕሪንግ ለየዓለምዘርፍ ኮል አደረገች። የዓለምዘርፍ አዲስ አበባ ሃያ ዓመት የወንጀል መርማሪ ነበረች፤ አሁን ሄርንደን አንድ ሆቴል ውስጥ ሴኩሪቲ ናት። ባጅ የላት፣ መጥሪያ የላት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ደጅ ጠናች። ከሦስቱ ጓደኞቹ አንዱ፣ የጀልባው ባለቤት ወንድይራድ፣ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋው። ሁለተኛዋ፣ ቤዚ፣ ላንድማርክ ሰፈር ካለው አፓርታማዋ በር ሳታስገባት ያንኑ የሻይ ቃል ደገመችላት። ሦስተኛው፣ የኪራኮስ የጥልቂያ ጓድ ቢንያም፣ በትሕትና ተቀበላት፤ ቃሉ ግን ያው ነው። ኮሪደሩ ላይ የተሰቀለው የቢንያም የእርሳስ ቀበቶ አዲስ ነው፤ የዋጋ ወረቀቱ እንኳ አልተነቀለለትም ነበር። ፖሊስ ጣቢያ ስትደውል ኬዙ ክሎዝ ሆኗል አሏት።

«ግንብ ነው የምገፋው» አለቻት ንግስትን፣ በንዴት።

የቀራት ፖሊስ የመለሰው የኪራኮስ ዕቃ ነበር። ጠረጴዛ ላይ ዘርግፋ እያንዳንዱን ጥልቂያ የሚመዘግበውን የእጅ ሰዓቱን አነበበች፤ የቢላውን አፎት ገለበጠች። ከዚያ ንግስትን ሦስቱንም ለእሑድ ከሰዓት እቤቷ እንድትጠራቸው ነገረቻት።

ሲሰበሰቡ የዓለምዘርፍ አልተቀመጠችም።

«ኪራኮስ በሁለት ጥልቂያ መሀል ከአምስት ደቂቃ በታች አርፎ አያውቅም» አለች። «ከመጨረሻው በፊት ያረፈው ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው። ሰዓቱ መዝግቦታል። ታዲያ ሻዩ መቼ ተጠጣ?»

የቢላውን አፎት አንስታ አሳየቻቸው።

«የፖሊስ ሪፖርት የዓሣ መውጊያው ጀልባው ላይ ነበር ይላል። አፎቱ ደግሞ ባዶ ነው። ዓሣ ሊወጋ የገባ ሰው መውጊያውን አይተውም። ሊሞት የገባም ቢላ አይመዝም። ቢላ የሚመዘዘው የተያዘ ነገር ለመቁረጥ ነው። ታች የተያዘ ሰው ነበር። ጭንቅ የያዘው ጠላቂ ደግሞ ቶሎ እንዲንሳፈፍ ቀበቶውን ይጥላል።» ወደ ቢንያም ዞረች። «አሮጌው ቀበቶህ የት ነው?»

ቢንያም ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«ያረጀ መረብ እግሬን ያዘኝ» አለ። «የጋራ መውጊያችንን ለቀቅኩት፤ በገመዱ ነው ኋላ የሳብነው። እሱ ከላይ ይጠብቀኝ ነበር፤ ገና ከጥልቂያ መውጣቱ ነው፤ ትንፋሹን ሳይሰበስብ ወረደ። ቆርጦልኝ ወደ ላይ ገፋኝ። ዞር ስል የለም፤ አየር አጥሮት ታች ራሱን ስቶ መሆን አለበት። አትጥለቅ ብሎኝ ነበር። በእኔ ምክንያት ሞተ ማለት አቃተኝ።»

ቤዚና ወንድይራድ ቢንያም ብቻውን ሲወጣ ማየታቸውን፣ የቀረውን ከሱ መስማታቸውንና የሻዩን ቃል ለሱ ብለው መስጠታቸውን አመኑ። የዓለምዘርፍ እዚያው ሆና ፖሊስ ጣቢያ ደወለች። በጽሑፍ ላኪ አሏት። ስልኩን ሶፋው ላይ ወረወረችው።

ንግስት የመኪናዋን ቁልፍ አነሳች። «ለእናቴ አንተው ትነግራታለህ» አለችው ቢንያምን።

ነገ ይሁን ብሎ ለመናት። አልሰማችውም።

ጌይተርስበርግ ሲደርሱ እናቲቱ በሩን ራሳቸው ከፈቱ። ቢንያም ደጃፉ ላይ እንደቆመ ሁሉንም ተናገረ።  አሮጊቷ እጁን ይዘው አስገቡት።

«ቁጭ በል» አሉት፤ «ቁጭ በልና ከመጀመሪያው ጀምረህ እንደገና ንገረኝ።»