የአዳማው መካኒክ

አብርሆት ከገለምሶ ስትመለስ የተሳፈረችበት ሚኒባስ በደሳን አልፎ ብዙም ሳይርቅ ቆመ። አንድ አይሱዙ መንገዱን ዘግቶታል። ካቢናው ወደ ፊት ተደፍቶ ከሞተሩ እንፋሎት ይትጎለጎላል። አንድ ረጅም ወጣት እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ የራዲያተሩን ክዳን ሊከፍት ሲያጎነብስ አየችና በመስኮቱ ብቅ አለች።

«ተወው፤ ፊትህን ትቃጠላለህ።»

ወጣቱ ቀና ብሎ አያት። እጁንም መለሰ።

ፋሩቅ ይባላል። የጭሮ ልጅ ነው፤ የአባቱን የኦቦ ሙሜን መኪና ይነዳል። እሷ ደግሞ ከኮምቦልቻ ወደ ጭሮ ኮሌጅ ተመድባ የመጣች የአውቶ መካኒክ መምህርት ናት። ተሳፋሪው ሲያጉረመርም እሷ ወርዳ ሞተሩን ታይ ጀመር። መኪናው የገባበት ጋራዥ ሁሉ የየራሱን ቱቦና የየራሱን ትርፍ የውሃ ጋን ቀጥሎበታል።

«ይሄን ሁሉ ለምን አስቀጠልከው?»

«እንዳይፈላ ነዋ።»

«የሚፈላው በሱ ምክንያት ነው።»

ፋሩቅ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ንዴቱን አልሸፈነለትም። በሳምንቱ ኮሌጁ በር ላይ ቆሞ ሲጠብቃት አገኘችው።

የከተማው የጭነት መኪና ባለቤቶች በየዓመቱ ውድድር ያዘጋጃሉ። አሸዋ የጫኑ መኪኖች ከሚኤሶ ተነስተው ዳገቱን ወደ ጭሮ ይወጣሉ። ጉልበት ያለው ሞተር ሞልቷል፤ ውሃው ሳይፈላበት የሚደርስ ግን ጥቂት ነው። ፋሩቅ ሁለት ጊዜ ተወዳድሮ ሁለቴም ዳገቱ ላይ ቀርቷል። ባለፈው ጊዜ አባቱ በሰው መሃል «ልጄ ሻይ አፍልቶ እየጠበቃችሁ ነው» ብለው አስቀውበት ነበር። ይህን ለአብርሆት ሲነግራት እየሳቀ ጀምሮ ሳይስቅ ጨረሰ።

ቅዳሜ ቅዳሜ በተከራየው መጋዘን ውስጥ አብረው መሥራት ጀመሩ። እሷ ስትፈታ እሱ ይቀበላታል።

«ውሃው ብዙ መንገድ ካገኘ ራዲያተር ውስጥ ገብቶ አይበርድም» አለችው። «እንደጋለ በአቋራጭ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። አንድ ወፍራም ቱቦ ወደ ራዲያተሩ፣ አንድ ወፍራም ቱቦ ከራዲያተሩ። በቃ።»

ፋሩቅ መሬት ላይ የተከመረውን ቱቦ አየ። «በርሲፍቱ» አላት፤ በኦሮምኛ መምህርት ማለቱ ነው። «ምን አስቀረሽልኝ?»

«የሚያስፈልግህን።»

ከዚያ በኋላ ስሟን ጠርቷት አያውቅም፤ በርሲፍቱ ነበር የሚላት። እሷም ቅዳሜ እስኪደርስ ሳምንቱ ይረዝምባት ጀመር።

ሥራው ሲያልቅ መኪናውን ጭነው ዳገቱን ሞከሩት። የሙቀት መለኪያው ቀስት ከመሃል ንቅንቅ ሳይል ጫፍ ደረሱ። ፋሩቅ ዳር ይዞ አቆመ። ሁለቱም ወደ ቆላው አዩ።

«ቤተሰቦችሽ ሙስሊም አገባች ቢባሉ ምን ይላሉ?»

«የአባቴ እናት ሐጂያ ነበሩ። እኛ ቤት ለፋሲካም ለዒድም ይታረዳል።»

«እኛ ቤት እንደዚያ አይደለም።» መሪውን በጣቱ ይዳስስ ነበር። «ካሸነፍኩ ግን በዚያው ቀን ለአባቴ እነግረዋለሁ። ያን ቀን እምቢ አይለኝም።»

አብርሆት ግሪስ የነካው እጇን እጁ ላይ አሳረፈች።

የውድድሩ ቀን እሷ መድረሻው ላይ ጠበቀች። ሌሎቹ መኪኖች እየጨሱ መንገድ ዳር ሲቀሩ የፋሩቅ አይሱዙ ብቻውን ብቅ አለ። ኦቦ ሙሜ ልጃቸውን አቅፈው አልለቅ አሉ። ባለመኪኖቹ ከበቡት።

«ማሻ አላህ። ማነው የሠራልህ?» አሉት አባቱ።

አብርሆት ከአጠገባቸው ነበረች። ሰማያዊ ቱታዋን ለብሳለች፤ ጥፍሯ ገና ጥቁር ነው። ፋሩቅ አያት። ዓይኑ ዓይኗ ላይ ትንሽ ቆየና ወደ መሬት ወረደ።

«አዳማ ያለ መካኒክ ነው» አለ።

«ስልኩን ስጠን» አለው አንዱ።

«ጠፍቶብኛል።»

አመሻሹ ላይ ቤቷ መጣ። በሩን ከፈተችለት እንጂ ግባ አላለችውም።

«ያ ሁሉ ሰው ባለበት ከበደኝ፣ በርሲፍቱ። ሰው ሲበተን እነግረዋለሁ ብዬ ነው።»

«ነገርከው?»

ፋሩቅ ወደ ጫማው አቀረቀረ።

«አገባታለሁ በል አላልኩህም፣ ፋሩቅ። ማን ሠራው ተብለህ ነው የተጠየቅከው። ይህቺን ካልቻልክ ሌላውን እንዴት ካንተ ልጠብቅ?»

«ትንሽ ጊዜ ስጪኝ።»

«ጊዜውማ ዛሬ ነበር» አለችና በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ደወለ። አላነሳችም። ዓመቱ ሳይሞላ አባቱ ያጩለትን የበደሳዋን ሉባባን አገባ። ሰርጉ በዋና መንገድ ሲያልፍ አብርሆት ክፍል ውስጥ ታስተምር ነበር። የጡሩምባው ጩኸት እስኪርቅ ድረስ ንግግሯን አላቋረጠችም።

ኦቦ ሙሜ ወደ ኮሌጁ የመጡት ከሰርጉ በኋላ ነው። ኮፍያቸውን አውልቀው ወርክሾፑ በር ላይ ቆሙ።

«ያንን መካኒክ ፍለጋ አዳማ ድረስ ሄጄ ነበር፤ ለሌላው መኪናዬ» አሉ። «የሚያውቀው ሰው አጣሁ። በኋላ መይሙና፣ ባለቤቴ፣ ከልጇ ሰምታ አንቺ እንደሆንሽ ነገረችኝ። ሌላውንም ነገረችኝ።»

አብርሆት እጇን በጨርቅ ጠረገች።

«ምነው ፋሩቅ ያኔ ቢነግረኝ፣ ልጄ።»

«ይቆጡ ነበር፣ ኦቦ ሙሜ።»

«እቆጣለሁ እንጂ። ሳምንት እቆጣ ነበር። ከዚያ ሽማግሌ ይዤ ኮምቦልቻ እሄድ ነበር።» ኮፍያቸውን በእጃቸው አገላበጡት። «ዳገቱን ያስወጣችን ሴት ናት ብዬ ለአገሩ ሁሉ ባወራሁ። ልጄ ግን እኔን አያውቀኝም።»

«መኪናውን እዚህ ይተውልኝ» አለቻቸው። «ሐሙስ ይውሰዱት።»

ሽማግሌው አመስግነው ወጡ። አብርሆት በሩን ከውስጥ ቆለፈችና ወለሉ ላይ ተቀመጠች። በዚያ ዓመት አንድም ቀን አላለቀሰችም ነበር፤ በእሷና በፋሩቅ መካከል ማንም የማያፈርሰው ግድግዳ የቆመ መስሏት ራሷን ስታጽናና ከርማለች። ግድግዳ እንዳልነበረ ያወቀችው ያን ቀን ነው። ያን ቀን አለቀሰች።