ያልጎበጠው ምሰሶ

ፎቶ አንሺው ሆሴዕ፣ ከፎንቆ ከተማ በላይ ባለችው ክብ የጭቃ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከወደቀ መሰላል አጠገብ ሞቶ ተገኘ። ካሜራው በማቆሚያው ላይ እንደቆመ ነበር። ቤተ ክርስቲያኗ በማግስቱ እንድትፈርስ ተወስኗል። ሆሴዕ ግን በሚያጎብጥ ሌንስ አንስቷት፣ ሆሳዕና ከተማ ኤግዚቢሽን ከፍቶ «አትፈርስም!» ሲል ከርሟል።

ኢንስፔክተር ብርቅዬ በካሜራው ውስጥ ያለውን የመጨረሻ ፎቶ አየች። ለማንም ሳታሳይ ዘጋችው።

«ተጣልታችሁ ነበር ይባላል፣ ጋሼ?» አለችው የቤተ ክርስቲያኗን ሽማግሌ ወንዳፈረውን።

«ተጣልተናል! የጌታን ቤት እንደ ቅል አጎበጥከው አልኩት። ‹ምሰሶውን መሃል ላይ አድርጌ ነው የማነሳው፣ እሱ አይጎብጥም› አለኝ። ሄጄ ባየው እውነቱን ነው፤ ግድግዳው ሁሉ ሲዞር ምሰሶው ቀጥ!»

የሟቹ እህት ሊዲያ አላለቀሰችም። «መሰላል ላይ እንደ ጦጣ ነበር የሚወጣው። ወደቀ እንዳትሉኝ!»

ሦስተኛው፣ «ለሕይወት ያሰጋል» ብሎ የማፍረሻውን ሪፖርት የጻፈው ኢንጂነር ወልደኪዳን ነበር።

«ውስጥ ገብተህ ታውቃለህ?»

«ምን ያስገባኛል? ኤግዚቢሽኑን አይቻለሁ። ምሰሶው ወደ መስኮቱ ጎብጧል። ልጁን የገደለው ቤቱ ነው።»

ብርቅዬ ሁሉንም ወደ ውስጥ ጠርታ ዝግ የነበሩትን መስኮቶች አስከፈተች። ከግንበኛ የተዋሰችውን ቱምቢ፣ ቀጥ ማለትን የሚለካውን ባለክብደት ክር፣ ከጣራው ሥር አንጠለጠለች። ክሩ ከምሰሶው ጋር እኩል ወረደ።

«ከእኔ ወገብ ይሻላል!» አለ ወንዳፈረው።

«በዚህ ሌንስ መሃል ላይ የዋለ ነገር ቀጥ ይላል፤ ዳር ላይ የዋለ ይጎብጣል» አለች ብርቅዬ። «ኤግዚቢሽኑ ላይ ምሰሶው የጎበጠበት ፎቶ የለም። ሆሴዕ ምሰሶውን ዳር ያደረገው ዛሬ ጠዋት ባነሳው የመጨረሻ ፎቶ ላይ ብቻ ነው። ያ ፎቶ ደግሞ ከዚህ ካሜራ አልወጣም። የት አየኸው፣ ኢንጂነር?»

ወልደኪዳን ዓይኑን ወደ ካሜራው ጣለ።

«ከገደልከው በኋላ ‹ፎቶ ተነስቼ ይሆን?› ብለህ ካሜራውን ከፈትህ። መስኮቱ ዝግ ነበር፤ ቤቱ ጨለማ፣ ብርሃን ያለው ስክሪኑ ላይ ብቻ። የሌንሱ ጉብጠት የቤቱ መሰለህ። ሳትገባ ፈረድክ፤ ገብተህም አላየህም።»

«ሪፖርቱን ሳልገባ መጻፌን ደርሶበት ነበር» አለ ወልደኪዳን በመጨረሻ። «ነገ ሕዝብ ፊት ሊያዋርደኝ! መስኮቱን ሊከፍት ሲወጣ... መሰላሉን ሳብኩት።»

ፖሊሶቹ ሲወስዱት ሊዲያ መሰላሉን ከመሬት አንስታ ግድግዳው ላይ አስደገፈች። ከኤግዚቢሽኑ ያመጣቻቸውን የወንድሟን ፎቶዎች በብብቷ ይዛ መሰላሉ ላይ ወጣች።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አለች ብርቅዬ።

«ልሰቅል። ዶዘሩ ነገ ከመጣ መጀመሪያ እነዚህን ያውርድ።»

ወንዳፈረው ኮፍያውን አውልቆ መሰላሉን በሁለት እጁ ያዘላት።