የዚህ ጽሑፍ ውስንነት

የእሱን የሕይወት ታሪክ የተየብኩት እኔ ነኝ። ሁለት መቶ ኮፒ አባዝቼ፣ እያንዳንዱን ለሁለት አጥፌ፣ ለታላቅ እህቱ አስረከብኳት። «ትዳር አልመሠረተም፤ መላ ሕይወቱን ለትምህርት ሰጠ» ይላል። ለትምህርት! ከሰዓት በኋላውን ለማን ይሰጥ እንደነበር እኔን ቢጠይቁኝ በነገርኳቸው።

ከኮሌጁ በር ፊት ለፊት ያለችው ጠባብ የጽሕፈትና የኮፒ ቤት የእኔ ናት። ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል አቁሜያለሁ። የቀረውን የተማርኩት አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው መመረቂያ ጽሑፍ ስተይብ ነው። ስለዚህ ስለ ተማረ ሰው የማወራው ሐሜት አይደለም፤ በእጄ ያለፈ ነው።

ተማሪው እየሮጠ ይመጣል። የያዘው ስልክ ከእኔ ኮምፒውተር ይበልጣል። «እህት፣ በቴሌግራም ልኬልሻለሁ፤ ዛሬ ካላስገባሁ አለቀልኝ!» ይላል። የላከው ግማሹ ከዚህም ከዚያም የተለቃቀመ ነው። አሁን አሁን ደግሞ ማሽን ይጽፍላቸዋል። ማሽኑ ፊደል አይገድፍም። ሐሳብ ግን እሱም እንደነሱ የለውም።

ሁሌም ባዶውን የሚልኩት አንድ ክፍል አለ፤ «የጥናቱ ውስንነት» የሚባለው። አጥኚው ሥራው የት ላይ እንደጎደለ ራሱ የሚናዘዝበት ነው። ጉድለቱን የሚያውቅ የታለና! «አንቺው የሆነ ነገር ጣል አድርጊበት» ይሉኛል። እኔም ጣል አደርግበታለሁ፤ እውነቱን። ያሳተመውን የሚያነብ ሰው የለም። ተማሪውም አያነብ፣ አማካሪውም አያነብ። ለዓመታት ማንም አልነቃብኝም።

እሱ ነቃ።

አንድ ቀን ሰባት ጥራዝ ታቅፎ ገባና ባንኮኒው ላይ ዘረገፈው። ቀጠን ያለ፣ የመነጽሩ አንድ ክንድ በፕላስተር የተጠገነ መምህር ነው።

«እነዚህን የጻፈው ማነው?»

«ስማቸው ሽፋኑ ላይ አለልዎት።»

«እሱንማ አይቻለሁ። እስከ አራተኛው ምዕራፍ ሰባቱም ድንጋይ ናቸው። ውስንነት ላይ ሲደርሱ ሰባቱም ነፍስ ይዘራሉ። ስሚማ!» አንዱን ገለጠ። «‹አጥኚው ስልክ በቤተሰብ ላይ ያመጣውን ጉዳት የጠየቀው በስልክ ነው። ስልክ የሌለው ቤተሰብ እንዴት እንደሚኖር አያውቅም።›» ሌላውን ገለጠ። «‹አጥኚዋ የሴቶችን የሥራ ጫና ስታጠና በከረመችበት ጊዜ ሁሉ እናቷ እያበሰለችላት ነበር።›»

ሳቁ መጣበት። ሊይዘው ቢሞክርም አልቻለም፤ መነጽሩ ወለቀ። እኔ ግን ቤቴ ሊዘጋ ነው ብዬ ጥራዞቹን መሰብሰብ ጀመርኩ።

«ይከሱኛል?» አልኩት።

«ሰባት ዓመት አስተምሬ ገና ዛሬ አንድ ሰው ያሰበውን አነበብኩ። እሱን ልክሰስ?» መነጽሩን አነሳ። «የት ነው የተማርሽው?»

«ስምንተኛ ላይ አቆምኩ።»

«ታዲያ ይሄን ከየት አመጣሽው?»

«ከእናንተ። ምን እንደማይጻፍ ስታሳዩኝ።»

የተማረ ሰው መልስ አጥቶ ዝም ሲል ያየሁት ያን ቀን ነው። ዝምታው አማረበት።

በማግስቱ መታወቂያውን ኮፒ ሊያስደርግ መጣ። በሳልስቱም መጣ። በሳምንቱ ያው መታወቂያ ለአምስተኛ ጊዜ እጄ ሲገባ አላስቻለኝም።

«ይሄን ሁሉ ኮፒ የሚጠይቅዎት የትኛው መሥሪያ ቤት ነው?»

ጆሮው ቀላ። «አንቱታውን ከተውሽ እነግርሻለሁ።»

«እሺ። የትኛው መሥሪያ ቤት ነው የሚጠይቅህ?»

«ይሄው» አለ፣ የእኔን ወለል እያየ።

ኮፒዎቹን አንድም ቀን ይዟቸው ሄዶ አያውቅም። እኔም አልጣልኳቸውም። መሳቢያዬ ውስጥ ፊቱ በፊቱ ላይ ተከመረ።

አራት ዓመት እንዲህ ኖርን። ከክፍል ሲወጣ መጥቶ ጥረዛ ማሽኑ አጠገብ ካለችው የፕላስቲክ ወንበር ላይ ይቀመጥና ፈተና ያርማል። አንድ የማይረባ ዓረፍተ ነገር ሲያገኝ ከመነጽሩ በላይ ቀና ብሎ ያየኛል። ሳይነግረኝ ይገባኛል። ሌላው በአበባ ይዋደዳል፤ እኛ ዓለሙን አብረን እየናቅን ተዋደድን። ደስታ ነበር፤ አልዋሽም።

ከእሱ የምንቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እኔን ለቤተሰቡ አለመንገሩን። እናቱ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ናቸው። እህቱ ሁለት ዲግሪ አላት፤ ሰላምታ ስትሰጥ እንኳን ሁለቱንም ይዛ ነው። እሱ በሁለቱ መካከል ያደገ፣ ምስክር ወረቀት የሌለው ሰው ወደ ቤት ይገባል ብሎ ማሰብ የማይችል ልጅ ነው።

በአራተኛው ዓመት አንድ ቅጽ ይዞ መጣ።

«ምንድን ነው?»

«የማታ ትምህርት ምዝገባ። ዲፕሎማ ቢኖርሽ፣ እቤት ስወስድሽ ቀላል ይሆናል።»

«ለማን?»

ይሄኛው ዝምታው ግን አላማረበትም።

«የምታገባው እኔን ነው ወይስ ወረቀቴን? ወረቀት ከሆነ እዚህ ቤት ሞልቷል፤ ምረጥና ውሰድ!»

ቅጹን ከእጁ ተቀብዬ፣ ጀርባው ላይ ጽፌ፣ ያቺን አንዲት ገጽ እንደ መመረቂያ ጽሑፍ በወፍራም ሽፋን ጠርዤ መለስኩለት። የጻፍኩት ይሄ ነው፦ «የዚህ ቅጽ ውስንነት፦ ያመጣው ሰው ፈሪ ነው።»

አሥራ አንድ ቀን ጠፋ። በአሥራ ሁለተኛው፣ ረቡዕ፣ ጥራዙን በብብቱ ይዞ በሩ ላይ ቆመ።

«አነበብኩት።»

«እና?»

«ማስተካከያ የለኝም።» ተማሪዎቹን የሚያሳልፍበት ቃል ነው። «እሁድ እናቴ ጋ እንሄዳለን። እንዳለሽ፤ ስምንተኛሽን ይዘሽ።»

እጄን ያዘኝ። ጣቶቼ በቀለም እንደቆሸሹ ነበሩ፤ ቀለሙን ይዞት ሄደ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የእሱን መምጫ ሰዓት እያየሁ ሳለ አንድ ተማሪ ስልኩን አቀበለኝ። «እህት፣ ይሄን በትልቁ አትሚልኝ፤ በር ላይ የሚለጠፍ ነው።» የኮሌጁ የኀዘን መግለጫ ነው፤ ስሙ የእሱ ነው። ጠዋት ወደ ክፍል ሲወጣ ደረጃው ላይ ልቡ ቀጥ ብሎበት ወድቋል።

«ስንት ኮፒ?» አልኩት። አፌ የለመደው ይህንኑ ጥያቄ ነው።

ልጁ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ «ሦስት» አለኝ።

አርብ እህቱ መጣች። ከኮሌጁ በር የሚቀርበው ማተሚያ የእኔ ስለሆነ እንጂ እኔን አታውቀኝም። «አንቺ፣ ቶሎ የሚደርስ ነው? ቀብሩ ነገ ነው» አለችና ረቂቁን ሰጠችኝ። ፎቶ ፍለጋ ስልኳን ትገፋ ጀመር። ሺህ ፎቶ አላት። በሁሉም እሷ ከፊት፣ እሱ ከኋላ ግማሽ ፊቱ ተቆርጦ። ያ ሁሉ ፎቶ አንድ ሙሉ ወንድም አልያዘላትም።

መሳቢያውን ከፈትኩና ጥርት ያለውን ኮፒ መረጥኩ። ክምሩን አየችው።

«ይሄ ሁሉ የእሱ መታወቂያ አንቺ ጋ ምን ይሠራል?»

«ደንበኛዬ ነበር» አልኩ።

ፍርሃት ይጋባል ለካ።

እሷ ስትሄድ ረቂቁን ተየብኩት። የት እንደተወለደ፣ ምን እንደተመረቀ፣ ምን ምን እንደተሸለመ። መጨረሻው ላይ ስደርስ ግን ጣቶቼ አልቆሙም። ልትረከብ ስትመለስ የፎቶውን ጥራት ብቻ አይታ ወረቀቱን በፌስታል አስገባችው።

ቅዳሜ ለቀብር ከመጣው ሰው ግማሹ ስልኩን አንስቶ ይቀርጻል። እኔ ከኋላ ቆምኩ። ወረቀቱ ለሁሉም ታደለ፤ ማንም አልገለጠውም። እህቱ ድምፅ ማጉያውን ይዛ ማንበብ ጀመረች። ዲግሪዎቹን አነበበች፤ ሽልማቶቹን አነበበች። በዚያው ፍጥነት ቀጠለች።

«የዚህ ጽሑፍ ውስንነት፦ አዘጋጆቹ የሟቹን ምስክር ወረቀቶች ሰብስበዋል። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ የት ይቀመጥ እንደነበር ግን አልጠየቁም። የሚወዳት ሴት ነበረችው። ይህን ያላወቁት...»

ቆመች። ወረቀቱን እንደነከሳት ሁሉ አራቀችው። ስልኮቹ አንድ በአንድ ወረዱ። ወረቀት ሲገለጥ ሰማሁ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ያባዛሁትን ጽሑፍ ሰው ሁሉ ሲያነብ አየሁ።

«ጨርሺው» አሉ እናቱ።

«እማዬ፣ ይሄ የጸሐፊዋ ስህተት...»

«ጨርሺው አልኩሽ!» ሙሉ ትምህርት ቤት ጸጥ ያሰኝ የነበረው ድምፃቸው ነው።

ወረቀቱን መልሳ አቅርባ ጨረሰችው። «ይህን ያላወቁት በእነሱ ጥፋት ብቻ አይደለም። እሱም ይፈራ ነበር። ሊነግራቸው የቀጠረው ለነገ ነበር።»

እናቱ በጥቁር ነጠላቸው ውስጥ ቀና ብለው ሕዝቡን ቃኙ።

«ማናት?»

ያ ሁሉ የተማረ ሰው መሬት መሬቱን ያያል።

ስምንተኛ ክፍልን ትቼ ከወጣሁ ወዲህ አድርጌው አላውቅም። ከኋላ ሆኜ፣ በቀለም የቆሸሸ እጄን አወጣሁ።