የጁንዱብ እናት

የኩፋ ከተማ ሰው ሁሉ የጁንዱብ እናት ይላታል። በበኩር ልጇ ስም መጠራት ከጀመረች ወዲህ የገዛ ስሟን የሚያስታውስ አልነበረም፤ እሷም አልናፈቃትም። ባሏ ዙሀይር በፋርስ ዘመቻ ሲሞት ሁለት ወንዶች ልጆች ጥሎባት ሄደ። የፍየል ቆዳ እያለፋች፣ የውሃ ስልቻ እየሰፋች አሳደገቻቸው። ጣቶቿ በወስፌ ያልተወጉበት ቀን የለም! ከስልቻው አንገት ላይ ሦስት ጊዜ አጠላልፋ የምትጨርሰውን ስፌት ልጆቿ ጥርስ ሳያወጡ ጀምሮ ያውቁታል። ጁንዱብ አድጎ ከጦሩ ጋር ወደ ሻም፣ ወደ ሶርያ ምድር፣ ዘመተ፤ እዚያም ሆምስ ከተማ አግብቶ ቀረ። ታናሹ ሹረይክ እናቱን ይዞ ኩፋ ኖረ።

ከዕለታት አንድ ቀን ከመዲና ክፉ ወሬ መጣ። ኸሊፋው፣ የሙስሊሙ ሁሉ መሪ፣ በገዛ ቤታቸው ተገደሉ! አንድ የነበረው ሕዝብ ለሁለት ተከፈለ። ኩፋ ለአዲሱ ኸሊፋ እጅ እየዘረጋ ቃል ገባ፤ ሻም ግን «መጀመሪያ ገዳዮቹ ይሰጡን» አለ። ማን ልክ ነበር? እሱን አላህ ያውቃል። እኔ የማውቀው የአንዲት እናት አንጀት ለሁለት መቀደዱን ነው።

ጁንዱብ መንገዱ ሳይዘጋ እናቱንና ወንድሙን ሊወስድ ከሆምስ መጣ። ተምርና የገብስ ገንፎ ቀርቦ ተቃቅፈው ተቀመጡ።

«የሻም ዘይት አወፍሮሃል እኮ! ፈረሱ እንዴት ቻለህ?» አለ ሹረይክ እየሳቀ።

«ሳቅ አንተ። እማዬን ይዘን እንሂድ፤ እዚህ ጦር ሊመጣ ነው።»

«የሚመጣው ያንተው ጦር አይደል እንዴ?»

«የኸሊፋው ደም እንደ ውሃ ፈስሶ ይቅር ነው የምትለው?»

«መጀመሪያ መሪ ይኑረን፣ ፍርዱ ከዚያ ይምጣ ነው የምለው። ወላሂ፣ በዚች እጄ ቃል ገብቻለሁ። ቆርጬ ልጣላት?»

ገንፎው ቀዘቀዘ። እናትየው ለሹረይክ የሰፋችለትን አዲስ ስልቻ አምጥታ በመሃላቸው ዘረጋች።

«እጃችሁን አምጡ። እንደማትሰሙኝ አውቃለሁ። ግን ሰይፍ ከመሰንዘራችሁ በፊት ስማችሁን ከነአባታችሁ ጮክ ብላችሁ ጥሩ። የዙሀይርን ስም የሰማ ሰይፉን ይጣል። ማሉልኝ!»

ማሉላት። ጦረኛ ሲገጥም ስሙንና ዘሩን መጥራቱ የኖረ ወግ ስለሆነ፣ በዚህ መሐላ ልጆቿ የሚተርፉላት መሰላት። ምስኪን እናት! ሁሉን አስባ ጥምን ረሳችው…

ጁንዱብ ብቻውን ወደ ሻም ተመለሰ፤ ወንድማማቾቹም በየጦራቸው ተሰለፉ። ሁለቱ ጦሮች ሲፊን በሚባል ስፍራ፣ በኤፍራጥስ ዳር ተገናኙ። ሻሞች ቀድመው ደርሰው ውሃውን ይዘዋል። የኩፋ ሰው ወንዙን በዓይኑ እያየ በጥም ተቃጠለ። ሹረይክ የመጨረሻዋን ጉንጭ ውሃ ለቆሰለ ጎረቤቱ ሰጠና፣ በቀትር ባዶ ስልቻውን አንግቶ ከጥቂት ጓደኞቹ ጋር በሸንበቆው መሃል ወደ ውሃው ወረደ። ጠባቂዎች ደረሱባቸው፤ አቧራው ተነሣ። የብረት ጥሩር የለበሰ፣ የራስ ቁሩ እስከ ዓይኑ የሸፈነው አንድ ሰው መንገዱን ዘጋበት።

«ጁንዱብ ነኝ፣ የዙሀይር ልጅ! ስምህን ጥራ!»

ያ ረቢ! ሹረይክ ሰማ። ሰይፉን ጣለ። «ሹረይክ ነኝ!» ሊል አፉን ከፈተ፤ ምላሱ ከላንቃው ተጣብቆ፣ ጉሮሮው ደርቆ ድምፅ እምቢ አለው።

«ስምህን ጥራ ብያለሁ!» አለ ጁንዱብ ዳግመኛ።

ድምፁ ቢነሳው ሹረይክ እጆቹን ዘርግቶ ወደ ወንድሙ ሮጠ። ጁንዱብ ግን በዚያ አቧራ ውስጥ ያየው፣ ሁለቴ ተጠይቆ ያልመለሰና እየሮጠ የመጣበት የራስ ቁር ያጠለቀ ሰው ነበር። መታው።

ከወደቀው ሰው ትከሻ ላይ ስልቻውን ሊያነሳ ሲል ጣቶቹ የስልቻውን አንገት ነኩ። ሦስት ጊዜ የተጠላለፈ ስፌት… የራስ ቁሩን ገለጠ። እየጮኸ ሮጦ ስልቻውን ሞላና ከተሰነጣጠቁት ከንፈሮች ላይ አንጠባጠበ። ሹረይክ አንድ ጊዜ ዋጠ። ያ የጠፋ ድምፅ ያን ጊዜ መጣ።

«ሰምቼህ ነበር እኮ…» አለ። ሌላ አልተናገረም።

ጁንዱብ ወንድሙን በእጁ ቀበረ፤ ጦሩን ትቶ በእግሩ ኩፋ ገባ። እናቱ ደጃፏ ላይ ቆዳ ስታለፋ አገኛት። የገዛ ሰይፉንና የሹረይክን ስልቻ ከእግሯ ሥር አኑሮ ተንበረከከና የሆነውን ሁሉ ነገራት። ጎረቤት ተሰበሰበ።

«የደሙ ባለቤት አንቺ ነሽ፣ እማዬ። የወደድሽውን አድርጊኝ።»

ስፌቱን በጣቷ ደጋግማ ዳሰሰች።

«አንተስ ስምህን ጠራህ?»

«ሁለት ጊዜ።»

«እሱስ ሰይፉን ጣለ?»

«ጣለ፣ እማዬ… ወድቆ ያገኘሁት ኋላ ነው፤ እኔ ነኝ ያላየሁት።»

መሐላዋን ሁለቱም ጠብቀውላት ነበር! ታዲያ በማን ትፍረድ? ቆዳው ላይ ተደፍታ አለቀሰች፤ የሚያባብላት ጠፋ። በመጨረሻ አንዲት ጎረቤት፣ የገዳዩን ስም መጥራት ነውር መስሏት፣ ትከሻዋን ያዘች።

«የሹረይክ እናት፣ ተይ፣ ተነሽ…»

ቀና አለች።

«ስሜን ታውቂው የለም እንዴ? በስሜ ጥሪኝ።»

ሴትየዋ የተንበረከከውን ሰው አይታ አመነታች። ከዚያ በቀስታ፣ «የጁንዱብ እናት…» አለች።

«አቤት» አለች እሷ። ተነሥታም ውሃ ቀድታ ለልጇ ሰጠችው።

ታላላቆቹ ለመንበር ሲሻሙ ዕዳው የሚከፈለው በእንዲህ ያለ ደጃፍ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ያ ስልቻ እስክትሞት ድረስ በሯ ላይ ተሰቅሎ ኖረ። በየማለዳው ትሞላዋለች፤ ከኩፋም ይምጣ ከሻም፣ መንገደኛውን ስሙን ሳትጠይቅ ታጠጣዋለች።