መስኮት ሥር ያደጉት አምስት ችግኞች

ዮርዳኖስ መስኮቱ ሥር የተደረደሩትን የአደንጓሬ ችግኞች ቅጠላቸውን እየገለበጠች ስታይ፣ ጓደኛዋ ፍቅርአዲስ መጥታ አጠገቧ ቆመች። ሁለቱም በእንጅባራ ከተማ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎችና የሳይንስ ክበብ አባላት ናቸው። የክበቡ ኤግዚቢሽን የሚከፈተው በማግስቱ ነበር።

የሙከራው ሐሳብ የመምህር እንግዳው ነው። ባክቴሪያ ዓይን ባይኖረውም ብርሃን የሚለይበት ፕሮቲን እንዳለው፣ አንዳንዱ ዝርያም ብርሃን ሲያርፍበት እንቅስቃሴው ቀንሶ ቅጠል ውስጥ መግባት እንደሚያቅተው ነግረዋቸው ነበር። ስለዚህ በባክቴሪያ የታመመ ቅጠል የተዘፈዘፈበት ውሃ አሥር ችግኞች ላይ እንዲረጭ፣ ከዚያ አምስቱ መስኮት ሥር እንዲቀመጡ፣ አምስቱ ደግሞ ለሦስት ቀን በካርቶን እንዲሸፈኑ ተስማሙ። ከተሸፈኑት አራቱ ነጠብጣብ አወጡ። መስኮት ሥር ካሉት አንድም አልታመመም።

«ለማንም እንዳትናገሪ» አለች ፍቅርአዲስ፤ የደበቀችውንም ነገረቻት። በርጭቱ ቀን ዮርዳኖስ አሟት ቀርታ ስለነበር ብቻዋን ነው የሠራችው። አምስቱን እንደረጨች ጠርሙሱ ተደፋባት፤ የቀሩትን፣ መስኮት ሥር የሚቀመጡትን አምስቱን፣ የቧንቧ ውሃ ረጨቻቸው።

ዮርዳኖስ ወደ ችግኞቹ ስትዞር ፍቅርአዲስ «አታካብጅ፣ ውጤቱ እኮ መምህር ካሉት ጋር ገጥሟል» አለቻት።

ዮርዳኖስ ያሰበችው ግን አባቷን ነበር። አቶ አድማሴ አደንጓሬያቸው በየዓመቱ ይታመምባቸዋል። ከማሳው ዳር ለከሰል የተከሉት ግራር ሦስት ዓመቱ ነው፤ ለመቆረጥ ገና ሁለት ዓመት ይቀረዋል። በሙከራው ተማምና ጥላው ነው የሚያሳምመው ብላ የነገረቻቸው እሷ ናት። ምክሯን ሰምተው የማያውቁት አባቷ ዛሬ ከሰዓት ለማሳው የሚቀርቡትን ሁለት ረድፍ ሊቆርጡ ተነሥተዋል።

ባጃጅ ተሳፍራ አስፋልቱ የሚያልቅበት ድረስ ሄደች፤ የቀረውን ሮጠች። ስትደርስ ሦስት ግራር ወድቋል።

«አባዬ፣ ይተዉት። ሙከራችን ልክ አልነበረም።»

የሆነውን ስትነግራቸው መጥረቢያቸውን ተደግፈው ሰሟት።

«እና ጥላው አይደለም?»

«ሊሆንም ላይሆንም ይችላል። እኔ ግን ሳላውቅ ነው የነገርኩዎት።»

አቶ አድማሴ የወደቁትን ዛፎች ተራ በተራ አዩ። ይቆጡኛል ብላ ጠበቀች። እሳቸው ግን ጎንበስ ብለው የአንዱን ቅርንጫፍ መመልመል ጀመሩ፤ እሷም የተመለመለውን እየጎተተች ከመረች። ሲጨርሱ «እንግዲህ ስታውቂ ትነግሪኛለሽ» አሏት።

በማግስቱ ደወል ሳይደወል ወደ ክበቡ ክፍል ገባች። ፍቅርአዲስ የውጤቱን ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጥፋ ጨርሳለች። ዮርዳኖስ ለአባቷ ምን እንዳለቻቸው ነገረቻት። ከዚያ እስክሪብቶ አውጥታ ወረቀቱ ላይ ከመስኮቱ ችግኞች ትይዩ «ባክቴሪያ አልተረጨባቸውም፤ ሙከራው ይደገማል» ብላ ጻፈች። ማን እንደረጨ አልጻፈችም።

ፍቅርአዲስ ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ፊቷ ቀላ፤ ወረቀቱን ግን አልነካችም።

«ለመምህር እኔው ልንገራቸው» አለች በመጨረሻ።

«ልከተልሽ?»

ፍቅርአዲስ በሩ ጋ ሄዳ ቆማ ጠበቀቻት። ዮርዳኖስ እስክሪብቶዋን ከድና ወደ እሷ ሄደች።